ያለ ሥራ ልምድ ጋዜጣ ላይ ሪፖርተር ሆኖ ለመቀጠር

ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል ውስጥ ስሠራ የማመልከቻ ፖስታ መክፈት የኔ ድርሻ ነበር። ጀማሪ ሪፖርተር ይፈለጋል ብለን ማስታወቂያ ባወጣን ሳምንት ጠረጴዛዬ በካኪ ፖስታ ይሞላል። ውስጡ ያው ነው። ዲግሪ፣ ስቱደንት ኮፒ፣ ሲቪ፣ «ከልጅነቴ ጀምሮ ለጋዜጠኝነት ልዩ ፍቅር አለኝ» የሚል ደብዳቤ። አንድ ቀን ግን ከአንዱ ፖስታ ሌላ ነገር ወጣ። ሁለት ገጽ ጽሑፍ። ልጁ ሰፈሩ ያለ ወፍጮ ቤት ሦስት ቀን ተመላልሶ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ምን እንደሚሆን ጽፏል። የባለወፍጮው ስም አለ። ስንት ኪሎ እህል ሳይፈጭ እንዳደረ አለ። ተራ የያዙት እናት የተናገሩት አለ። ሦስት ቦታ ፊደል ስቷል። ግድ አልሰጠንም፤ በማግስቱ ደወልንለት።

ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከዚያ ፖስታ የመጣ ነው ማለት ይቻላል። ልምድ የሚገኘው ተቀጥሮ ብቻ ይመስለናል። ሐኪም ልሁን ብሎ የጎረቤቱን ሆድ የሚቀድ የለም፤ ያ እውነት ነው። ዜና ግን ማንም ተነሥቶ ሄዶ፣ ጠይቆ፣ ጽፎ ማሳየት ይችላል። ፈቃድ የሚጠይቀው የለም።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚጠቀስ ሰው አለ። ጳውሎስ ኞኞ መደበኛ ትምህርቱ ከአራተኛ ክፍል አልዘለለም። ግን በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ «አንድ ጥያቄ አለኝ» በሚለው ዓምዱ አገር ያወቀው ጋዜጠኛ ሆነ። ደስ የሚል ታሪክ ነው። ለዛሬ የሰው ኃይል ክፍል ግን አይሠራም። ዲግሪ ይጠየቃል፤ ጳውሎስን ጠቅሶ ማለፍ አይቻልም።

1. ማስታወቂያውን እንደ ውል አንብቡት

መጀመሪያ የት ነው የሚወጣው? ሪፖርተር ጋዜጣ ረቡዕና እሑድ ሲወጣ የሥራ ማስታወቂያ ገጾቹ ወፍራም ናቸው። አዲስ ዘመንም ያወጣል። ዛሬ ብዙው ቴሌግራም ላይ ይገኛል። ገንዘብ ለማትረፍ አራት ኪሎ ሄዶ ጋዜጣ ተከራይቶ ማንበብ የቆየ ዘዴ ነው። የቴሌግራም ማስታወቂያ ስታዩ ግን ወደ ዋናው ምንጭ ተመለሱ። ቀኑ ያለፈበት ተመልሶ ሲለጠፍ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ቀጥሎ እስክሪብቶ ያዙና አስምሩ። «የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት» ካለ በሩ ክፍት ነው። «2 ዓመት» ካለስ? የመንግሥት ተቋም ከሆነ ተዉት። እዚያ ማጣሪያው በወረቀት ነው፤ የጎደለው ጎደለ። የግል ጋዜጣ ከሆነ ግን ናሙና ጽሑፍ አያይዛችሁ ሞክሩ። ጥሩ ጽሑፍ ያየ አዘጋጅ ሁለቱን ዓመት አንዳንዴ ይረሳዋል።

«በጋዜጠኝነት፣ በቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ወይም በተመሳሳይ ሙያ» የሚለውን ደግሞ በደንብ እዩት። «ተመሳሳይ» የምትለው ቃል ለብዙዎቻችሁ በር ናት። ኢኮኖሚክስ ወይም ሕግ የተማረ ሰው ለኢኮኖሚ ገጽና ለፍርድ ቤት ዜና ይፈለጋል። ባላንስ ሺት (የድርጅት የሀብትና የዕዳ መግለጫ) ማንበብ የሚችል ሪፖርተር ማግኘት ቀላል አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የተመረቃችሁ የመውጫ ፈተና ውጤታችሁን አትርሱ።

«በተከታታይ 7 የሥራ ቀናት» ማለት እሑድንና በዓልን አይቆጥርም። ግን በመጨረሻው ቀን ከሰዓት አትሂዱ። ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ሰልፍ ያንን ቀን ይበላዋል። «ዋናውንና የማይመለስ ፎቶ ኮፒ» ከተባለ ሁለቱንም ያዙ። ዋናውን አሳይታችሁ ይዛችሁት ትመለሳላችሁ።

2. የት እንደምታመለክቱ እወቁ

ሁሉንም ጋዜጣ በአንድ ደብዳቤ መምታት አይሠራም። ጋዜጦቹ አይመሳሰሉም።

አዲስ ዘመን ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ፣ በኢትዮጵያ ፕሬስ ድርጅት ሥር የሚታተም ዕለታዊ ጋዜጣ ነው። በዚያው ጣራ ሥር ዘ ኢትዮጵያን ሄራልድ በእንግሊዝኛ፣ በሪሳ በአፋን ኦሮሞ፣ አል-ዓለም በዐረብኛ ይዘጋጃሉ። አፋን ኦሮሞ ወይም ዐረብኛ አሳምራችሁ የምትጽፉ ከሆነ ወረፋው የሚያጥርላችሁ ይመስለኛል። አዲስ አድማስ ቅዳሜ ይወጣል። ፎርቹንና ካፒታል በእንግሊዝኛ ሳምንታዊ ናቸው፤ ቢዝነስ ይወዳሉ። አዲስ ልሳን የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ነው። ባሕር ዳር ያላችሁ በኩር ጋዜጣን አትርሱ። ክፍለ ሀገር ተቀምጦ «አዲስ አበባ ካልገባሁ» ማለት ብዙ ልጆችን አባክኗል። ጋዜጣ ባይሆንም የኢትዮጵያ ዜና አገልግሎት ዜና መጻፍን ለመማር ጥሩ ቦታ ነው።

የመረጣችሁትን ጋዜጣ አራት እትም ገዝታችሁ ወይም ተከራይታችሁ አንብቡ። ማንበብ ስል እንደ አንባቢ አይደለም። እያንዳንዱ ዜና ስንት ሰው አነጋገረ? የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ስንት ቃል ነው? ሪፖርተሩ ስሙ የት ይጻፋል? ዕለታዊ ጋዜጣ ትናንት የሆነውን ይዞ ይወጣል። ሳምንታዊው ያንኑ ቢጽፍ ማንም አያነብበውም፤ ቴሌግራም ቀድሞታል። ሳምንታዊ ጋዜጣ «ለምን ሆነ? ማን ከፈለ? ቀጥሎስ?» የሚለውን ይፈልጋል። ናሙናችሁን ስትጽፉ ይህ ልዩነት ይታይባችሁ።

3. ሦስት ጽሑፍ ሥሩ

ዋናው ሥራ ይህ ነው። ሁለት ወር ስጡት።

ጀማሪ የሚሰናከልበትን ላስቀድም። መንግሥት መሥሪያ ቤት ትሄዳላችሁ። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው «ከየት ነህ? ደብዳቤ አምጣ» ይላል። ደብዳቤ የለም። ሥራው እዚያው ይሞታል። ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ጽሑፎች ደብዳቤ የማይጠይቅ ጉዳይ ምረጡ። የታክሲ ተራ፣ የዳቦ ክብደት፣ የሰፈር እግር ኳስ ሜዳ፣ የኮንዶሚኒየም ሊፍት፣ ያረጀ መጽሐፍ የሚሸጡ ሰዎች፣ የውኃ ፈረቃ። ሰዎቹ ከፊታችሁ ናቸው፤ ማነጋገር ብቻ ነው።

ኃላፊውንም ግን አትተዉት። መረጃ የመጠየቅ መብት የጋዜጠኛ ብቻ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ለማንም ሰው ነው የሰጠው። ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አስገቡ፤ ቀኑን መዝግቡ። መልስ ባይመጣም «በዚህ ቀን በጽሑፍ ጠይቀን ምላሽ አላገኘንም» ብሎ መጻፍ ራሱ ሥራ ነው። አዘጋጁ ያንን መስመር ሲያይ «ይሄ ልጅ ገብቶታል» ይላል።

አንድ ነገር ግን ከባድ ማስጠንቀቂያ ይፈልጋል። ያልተቀጠራችሁበትን ጋዜጣ ስም ጠርታችሁ ሰው አታነጋግሩ። «ከእንትን ጋዜጣ ነኝ» ብሎ የሄደ ልጅ አውቃለሁ። ሰውየው ጋዜጣው ቢሮ ደወለ። ልጁ እዚያ ሊያመለክት ነበር። «ጽሑፍ እየተለማመድኩ ነው፤ ለጋዜጣ አቀርበዋለሁ» በሉ። ይበቃል። ሰው ይናገራል፤ እንዲያውም ለተማሪ የበለጠ ይናገራል።

አሁን አንዱን ጠጋ ብለን እንየው። ለምሳሌ ያህል የፈጠርኩት ነው። ሰፈራችሁ ውኃ ጠፍቷል። አብዛኛው ጀማሪ እንዲህ ይጀምራል፦

«ውኃ ለሰው ልጅ ሕይወት እጅግ አስፈላጊ መሆኑ ይታወቃል። ከዚህ ጋር በተያያዘ በሰፈራችን ከፍተኛ የውኃ ችግር መኖሩን ነዋሪዎች ገለጹ።»

ውኃ አስፈላጊ መሆኑን አንባቢው ያውቃል። «ከፍተኛ» ስንት ነው? «ነዋሪዎች» እነማን ናቸው? እንደገና እንሞክር፦

«በፈረቃ በሳምንት ሁለት ቀን ውኃ ይደርሳቸው የነበሩ የአንድ ኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ላለፉት 11 ቀናት ቧንቧቸው ጠብታ እንዳላወጣ ተናገሩ። ባለ20 ሊትር ጀሪካን ከጋሪ በ30 ብር እየገዙ መሆናቸውንም ገልጸዋል።»

ሁለተኛው ቁጥር አለው። ቁጥሩን ለማግኘት ደግሞ መሄድ ያስፈልጋል። የጋሪውን ልጅ ማነጋገር፣ ዋጋውን ከሁለት ሰው መጠየቅ፣ 11 ቀን መሆኑን ከሦስት ቤት ማመሳከር ያስፈልጋል። አንዷ «ሁለት ሳምንት ሆነን» ትላለች። ሌላው «ኧረ ባለፈው ማክሰኞ መጥቷል» ይላል። ልዩነቱን ያጣራ ሰው ሪፖርተር ነው። ሁለቱንም ትቶ «ለረጅም ጊዜ» ብሎ የጻፈው ገና ነው።

ከዚያ ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን፣ እንዴት የሚሉት ጥያቄዎች በመጀመሪያዎቹ ሁለት አንቀጾች መመለሳቸውን ቁጠሩ። «ለምን» ካልታወቀ አለመታወቁን ጻፉ። አትገምቱ።

የሰው አጠራር ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ። በጣም የሚያናድደኝ ነገር አለ። ጀማሪው ኃላፊውን «ገለጹ፣ አሳሰቡ» ይልና ጀሪካን የተሸከመችውን ሴት «አለች» ይላታል። ሁለቱም ወይዘሮና አቶ ናቸው። ሁለቱም «አሉ» ናቸው። አዘጋጆች ይህን ያያሉ፤ ባያዩም የተጻፈባቸው ሰዎች ያያሉ። ስም ከነአባት አንድ ጊዜ ጻፉ፤ ከዚያ «ወይዘሮ እከሊት» ብላችሁ ቀጥሉ። ስማቸው እንዳይጠቀስ ከጠየቁ አክብሩ፤ ግን ለራሳችሁ ማን እንደሆኑ ማስታወሻችሁ ላይ ይኑር።

ሦስቱ ጽሑፎች አንድ ዓይነት አይሁኑ። አንዱ 250 ቃል የማይሞላ ቀጥተኛ ዜና ይሁን። ሁለተኛው ሐተታ፣ ከ800 እስከ 1000 ቃል። ሦስተኛው የፈለጋችሁት፤ ቃለ ምልልስ ወይም የስፖርት ዘገባ ሊሆን ይችላል። ግጥምና የአስተያየት ጽሑፍ አታስገቡ። «የወጣቱ ሚና በአገር ግንባታ» የሚል መጣጥፍ በዓመት ሃያ ይደርሰኝ ነበር። አንዱንም አላስታውስም።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ ፊደል ነው የሚቀረው። ሥራ በ«ሠ»፣ ሰው በ«ሰ»። ዓመት በ«ዓ»፣ አገር በ«አ»። ጋዜጦች በዚህ ላይ የየራሳቸው ልማድ አላቸው፤ ያመለከታችሁበትን ተከተሉ። ከሁሉ በላይ አንዱን ቃል በአንድ ገጽ ላይ በሁለት ዓይነት አትጻፉ። ጽሑፉን ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ትንፋሽ ያሳጠራችሁ ዓረፍተ ነገር ረዝሟል፤ ቁረጡት። ማሽን እንዲጽፍላችሁም አታድርጉ። ከወፍጮ ቤቱ የመጣ ጽሑፍ ዱቄት ዱቄት ይሸታል፤ ያኛው አይሸትም።

4. ደብዳቤውና ሲቪው

አጭር። አንድ ገጽ አይሙላ። «ልዩ ፍቅር» የሚለውን አውጡ። ልምድ እንደሌላችሁ አትደብቁ፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናግራችሁ እለፉ። እንዲህ ዓይነት ነገር፦

«በጥቅምት 12 እትማችሁ ለጀማሪ ሪፖርተር ያወጣችሁትን ማስታወቂያ ተመልክቼ አመለክታለሁ። በጋዜጣ ተቀጥሬ ሠርቼ አላውቅም። ባለፉት ሁለት ወራት ግን በራሴ ሦስት ጽሑፎች አዘጋጅቼ አያይዣለሁ። የመጀመሪያው ስለ ሰፈራችን የውኃ ፈረቃ ሲሆን ሰባት ነዋሪዎችን አነጋግሬበታለሁ፤ ለቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቱም ጥያቄ በጽሑፍ አቅርቤያለሁ። ያነጋገርኳቸው ፈቃደኞች ስለሆኑ ለማጣራት ስልካቸውን ስትጠይቁኝ አቀርባለሁ።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ከዲግሪው እኩል ትመዝናለች። አንድም አመልካች ጽፏት አያውቅም ነበር።

የጋዜጣውን ስም ሦስት ጊዜ አረጋግጡ። እኔ የመጀመሪያ ማመልከቻዬን ያስገባሁት የተፎካካሪውን ጋዜጣ ስም ጽፌ ነው። ከሌላ ደብዳቤ ገልብጬ አንድ መስመር ረሳሁ። አልደወሉልኝም። እነሱን ብሆን እኔም አልደውልም።

ሲቪው ላይ የዩኒቨርሲቲ ክበብ፣ ሚኒ ሚዲያ፣ የእድር ወይም የቤተ ክርስቲያን መጽሔት ካለ ይግባ። መኪና መንዳት፣ ፎቶ ማንሣት፣ ሌላ የአገር ውስጥ ቋንቋ መናገር እውነተኛ ዋጋ አላቸው። ሲዳምኛ ወይም ሶማሊኛ የሚናገር ሪፖርተር አስተርጓሚ አይፈልግም። ቁመትና ክብደት ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ ተዉት።

በኢሜይል የምትልኩ ከሆነ በዩኒኮድ ፊደል ጻፉና ፒዲኤፍ አድርጉት። ቪዥዋል ግዕዝ በሚባለው በድሮው የአማርኛ መጻፊያ የተጻፈ ፋይል ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣል። ከፍቼ፣ ዓይቼ፣ የዘጋሁት ስንት አለ! የፋይሉን ስም በራሳችሁ ስም ሰይሙት። «ሲቪ የመጨረሻ የመጨረሻ 2» ማንም ደግሞ አያገኘውም።

5. ማስታወቂያ ሳይወጣም መግባት ይቻላል

ብዙ የማውቃቸው ሪፖርተሮች በማስታወቂያ አልገቡም። ጽሑፍ እየላኩ ነው የገቡት። ጋዜጦች ከውጭ ጸሐፊ ይቀበላሉ፤ በተለይ የባህል፣ የስፖርትና የማኅበራዊ ጉዳይ ገጾች። ቢሮውን ደውላችሁ የዚያን ገጽ አዘጋጅ ስም ጠይቁ። ጋዜጣው ነገ የሚወጣ ከሆነ ዛሬ አትደውሉ። ለሕትመት የሚሯሯጥ አዘጋጅ ስልክ ሲያነሣ እናቱንም አይለይም። ጋዜጣው በወጣ ማግስት ረፋድ ላይ ደውሉ።

ከጽሑፉ በፊት ሐሳቡን በሦስት መስመር ላኩ። ምን እንደሆነ፣ ለምን አሁን፣ ማንን እንደምታነጋግሩ። ከተቀበሉት ክፍያውን ጠይቁ። «ስምህ ይወጣል» ብቻ ከተባላችሁ ለሁለትና ሦስት ጽሑፍ እሺ በሉ፤ የታተመ ጽሑፍ ለማመልከቻ ይጠቅማል። ከዚያ በኋላ በነፃ መሥራት አቁሙ።

6. የጽሑፍ ፈተናው

ከተጠራችሁ ብዙውን ጊዜ ፈተና አለ። አንዱ ክፍል ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መተርጎም ነው። ወጥመዱ ቋንቋው ላይ ሳይሆን ቀኑ፣ ሰዓቱና ቁጥሩ ላይ ነው። ጁላይ 8 የኛ ሐምሌ 1 ነው፤ የበጀት ዓመቱ የሚጀምርበት ቀን። ከሰዓት በፊት 8 ሰዓት ተብሎ በእንግሊዝኛ የተጻፈው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። የፈረንጁን ዓመት ሳትቀይሩ እንዳለ ከተዋችሁት «እ.ኤ.አ.» ጨምሩ። ሚሊዮንና ቢሊዮንን ያምታታ ሰው ቀሪው ትርጉም ምንም ቢያምር ይወድቃል።

ሌላው ክፍል ረጅም ጋዜጣዊ መግለጫ ሰጥቶ ዜና አውጡ ማለት ነው። መግለጫው በምስጋናና «በተገኙበት» ይጀምራል። ዜናው አራተኛው አንቀጽ ውስጥ ተደብቋል። ዋጋ የሚጨምር፣ ሰው የሚነካ፣ ቀነ ገደብ ያለው ነገር ፈልጉ። የክብር እንግዳው ስም ወደ ታች ይውረድ።

ጠቅላላ ዕውቀትም ይጠየቃል። የሚኒስትሮችን ስም ከመሸምደድ የአሠራር ነገር እወቁ። ሕገ መንግሥቱ ሐሳብን ስለመግለጽ የሚናገረው አንቀጽ 29 ላይ ነው። አሁን ያለው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ነው፤ አውርዳችሁ አንብቡት። ቃለ መጠይቅ ላይ ከአሥር ተፈታኝ ዘጠኙ እንዳላነበበው ፊቱ ይናገራል።

7. ቃለ መጠይቁና ብሩ

«ጋዜጣችን ላይ ምን ጎደለ?» ብለው ይጠይቋችኋል። «ምንም፣ ምርጥ ነው» የሚል መልስ ማንንም አያስደስትም። አራቱን እትም ያነበባችሁት ለዚህ ነው። ለምሳሌ ስለ ቤት ኪራይ የጻፉትን ዜና ጠቅሳችሁ «ተከራዮቹን ብታነጋግሩ ኖሮ» በሉ። በትሕትና፣ ግን በሉት።

ሌላው የሚጠየቀው ስለ ገንዘብ ነው። ስብሰባ ልትዘግቡ ሄዳችሁ ስብሰባውን የጠራው ሰው «ለትራንስፖርት» ብሎ ብር ያለበት ፖስታ ቢሰጣችሁስ? ይህ በሙያው ውስጥ የቆየ በሽታ ነው፤ ሁሉም ያውቀዋል። መልሱ አልቀበልም ነው፤ ውሎ አበል የሚሰጠኝ ጋዜጣዬ ነው። ከመለሳችሁ በኋላ እናንተም ጠይቁ፦ «የመስክ ትራንስፖርት ማን ይከፍላል?» ጋዜጣው ለታክሲ የማይከፍል ከሆነ ፖስታውን የሚያስቀበላችሁ እሱ ራሱ ነው።

ደመወዙ ማስታወቂያው ላይ «በስምምነት» ከሆነ የቤት ኪራያችሁን፣ ምሳችሁንና ትራንስፖርታችሁን ደምራችሁ ግቡ። የጀማሪ ሪፖርተር ደመወዝ ትንሽ ነው፤ ልዋሻችሁ አልችልም። የስልክ ካርድና የኢንተርኔት ወጪ ይሸፈን እንደሆነ ግን ጠይቁ። በወር ውስጥ የሚሰማ ገንዘብ ነው።

ከተቀጠራችሁ ውሉን በጽሑፍ ተቀበሉ። በግል ጋዜጣ የሙከራ ጊዜ ካለ በጽሑፍ መስፈር አለበት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። «ስድስት ወር እናይሃለን» ቢሏችሁ ይህን አስታውሷቸው። ቆጠራው የሚጀምረው ሥራ ከጀመራችሁበት ቀን ነው፤ ስለዚህ ያቺን ቀን ማስታወሻ ደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፏት።